የኋላው ቁልፍ

ጥቅምት 3

ውድ ወንድሜ ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ባለህበት ጤናው ይብዛልህ፤ ከብርድም ከክፉ አለቃም ይሰውርህ። ባለቤትህንና ልጆቹን በየተራ ሳምልኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ «ካፖርቱን እንዳያወልቅ» ብላሃለች።

ይህን የምጽፍልህ ስለ አባባ መኪና ነው። ይቺ መኪና ሳላብድ የምትለቀኝ አልመሰለኝም። እማዬ ደረጃ ላይ አዳልጧት ጉልበቷን ትንሽ እንዳመማት በስልክ ነግሬህ ነበር። ለዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ እወስዳታለሁ። የምታሠራት ባለሙያ ፊት የማትሰጥ ሴት ናት። «እነዚህ ወራት ወሳኝ ናቸው። ቀጠሮ በቀረ ቁጥር እግሩ መርገጥ ይረሳል፤ ጨርሶ ከረሳ እኔ አላስታውሰውም» ብላ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነግራናለች። መኪናዋ ደግሞ የቀጠሮውን ቀን እንደምታውቅ ሁሉ የምትተኛው ለዚያ ቀን ነው።

አባባ ሲኮራባት እንደነበረው የኋላ እግሯ የቆመው በብረት ሞላ ሳይሆን አየር በሚነፋ ላስቲክ ላይ ነው። ምሽት ላይ ቀጥ አድርጌ አቁሜያት እገባለሁ። ጠዋት ስወርድ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀስራ ቂጧን አስፋልቱ ላይ ጥላ አገኛታለሁ። ሞተር ባስነሳ፣ ብለማመጣት፣ ብሰድባት አትነሳም። እንደዚያው ልንዳት ስል ጎማው ፓራፋንጎውን እየፈተገ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተናል። እማዬን ወደ ቤት እንመልሳለን። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ የልብስ ስፌት ሥራዬ እንዳይቀርብኝ ብዬ ሳስነሳት ሽቅብ ትነሳልኛለች! ቀጠሮ በሌለበት ቀን ደግሞ አንድም ቀን ተኝታ አታውቅም።

መካኒኩን ታውቀዋለህ፤ ሰፈሩ «ቁረጠው» የሚለው። የራስ ምታት ብትነግረው እንኳ መድኃኒቱ መቁረጥ ነው። «አየሩን ቆርጠን እንጣለውና የብረት ሞላ እንግጠምባት» ይለኛል። እኔ ግን እማዬ በየጉድጓዱ ስታቃስት መስማት አልችልም። አየሩ ሲሠራ መንገዱን አታውቀውም፤ እንቅልፍ ሁሉ ይወስዳታል።

አንተ የባለሙያ ልጅ ባለሙያ ነህና ምን ላድርግ? ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ ሚጡ


ጥቅምት 22

ለውድ እህቴ ለሚጡ፣

ፈጣሪ በምሕረቱ ያቆያችሁ፤ ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አሁን ወደ ጉዳያችን።

መጀመሪያ ቁረጠው መቁረጫውን ከመኪናዋ ያርቅ። አየር ሞላ እንደ ጨቅላ ነው፤ የሚያለቅስበት ምክንያት አለው፣ እሱን ማግኘት ነው። እዚህ እኔ የምሠራባቸው አውቶቡሶች ሁሉ የሚቆሙት በአየር ነው። ቀኑን ሙሉ ከሥራቸው ተንጋልዬ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የምውለው ለዚህ ስለሆነ የምልሽን ሳታጓድዪ አድርጊ።

ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ላስቲኮቹን ዙሪያቸውን ቀቢያቸው። አረፋ የሚያስነሳ ቦታ ካለ ይተነፍሳል ማለት ነው፤ ግራው ነው ወይስ ቀኙ? ብዙ አረፋ ነው ወይስ ጥቂት? ሞተር ስታስነሺ ከኋላ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ፤ ኮምፕሬሰሩ ነው። በተኛችበት ጠዋት ያ ድምፅ አለ ወይስ የለም? ፊውዙን አውጥተሽ በብርሃን እዪው። ከዚያ ከባድ ሰው ጭነሽ ሞክሪያት። የኋላውን ቁልፍ ደግሞ እንዳትረሺ፤ ክፍት ይሁን ዝግ ጻፊልኝ።

በስልክ አትንገሪኝ፤ በስልክ «አዎ አዎ» ትዪኝና ግማሹን ትረሺዋለሽ። በወረቀት ይሁን።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ውድ ጋሼ፣

አምላክ ጀርባህን ከዚያ እርጥብ ሲሚንቶ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ እማዬ ሰላም ብላሃለች።

ያዘዝከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሳሙናውን ቀባሁ። የፎቁ ሰው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ «መኪና በሥሩ ነው እንዴ የሚታጠበው?» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። አረፋው በሁለቱም በኩል ጥቂት ጥቂት ነው፤ እንደ ሕፃን ለሃጭ። ፊውዙ ደህና ነው። የንቧ ድምፅ ቀጠሮ በሌለበት ቀን አለች፣ በቀጠሮ ቀን የለችም። ንቧም ቀጠሮውን ታውቃለች ማለት ነው።

ከባድ ሰው ጫኚ ስላልከኝ ከስፌት ክፍሉ ሦስቱን ወፍራሞች ከኋላ ደርድሬ ሰፈሩን ዞርኩ። አንዷ «ለሙከራ ነው ያመጣሽን?» ብላ ተቀይማኛለች፤ አሁን ድረስ ክር ስጠይቃት ፊቷን ታዞራለች። መኪናዋ ግን ትንሽ ወረድ ካለች በኋላ እየነፋች ተነሳችና ቀጥ ብላ ሄደች። እማዬ ከሦስቱ የአንዷን ግማሽ አትሆንም። ታዲያ ክብደት ነው ልትለኝ ነው?

ቁረጠው ዘንድ ወሰድኳት፤ እሱ ፊት እንደ ወታደር ቆመች። «ምንም የላትም፤ ግን ብንቆርጠው ይሻላል» አለኝ።

የኋላው ቁልፍ ዝግ ነው። ሁልጊዜም ዝግ ነው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

በዚህ ወር ሁለት ቀጠሮ አልፎናል። ባለሙያዋ መዝገቧን ገልጣ ሁለቱን ቀናት በቀይ ከበበቻቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚጡ


ኅዳር 27

ለእህቴ ለሚጡ፣

ሰላምና በረከት ለቤታችን ይሁን። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

በይ ስሚኝ፤ ተገኘ! ሁልጊዜም ዝግ ነው ትዪኛለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ትገረሚያለሽ! ቁልፉ ዝግ ከሆነ እንዴት ልትነሳ? ደብዳቤሽን ሳነበው እየጮህኩ ስስቅ የሥራ ባልደረቦቼ ያበድኩ መሰላቸው። ቀጠሮ በሌለበት ቀን እንዴት እንደምትነሳ ግን አልገባኝም፤ አንዳንዴ ብረቱ ልል ይሆንና ይነካካል። ለማንኛውም ዛሬውኑ ክፈቺው። ከከፈትሽው በኋላ ማንም ይምጣ ማን እንዳትዘጊው። ሌትም ቀንም ክፍት ይሁን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔም አልደክም፣ አንቺም የሰው ሚስት አታስቀይሚ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 16

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደህና ነን።

ክፈቺው አልከኝ፣ ከፈትኩት። ሌትም ቀንም አልከኝ፣ ሌትም ቀንም ክፍት ተውኩት። ዘበኛው «እመቤት፣ የኋላ ክዳንሽ አልተቆለፈም» ሲለኝ «ባለሙያ አዞኛል» ብዬ ኮራሁበት። በሦስተኛው ቀን ከስፌት ቤቱ ደጃፍ ስኮርታውን ጎማ ከነክሪኩ ወሰዱልኝ። የአባባን የመሣሪያ ሣጥንም እንዲሁ። ሌባው ክዳኑን እንኳ ሳይሰብር፣ እንደ እንግዳ ከፍቶ፣ ዘግቶልኝ ሄደ። ዘበኛው እስካሁን ሲያየኝ ሳቁን በእጁ ይሸፍናል።

መኪናዋስ ተነሳች? በማግስቱ ቀጠሮ ነበረን፤ እንደ ልማዷ ተንበርክካ አደረች! ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ጋሼ። ያንተን ደብዳቤ እየጠበቅሁ ወራት ሄዱ፤ እዚህ ደግሞ ሰው እየባከነ ነው። ታክሲ እንዳልይዝ ገና ሲያዩን ጋዝ ሰጥተው ያልፋሉ። በቀጠሮ ዋዜማ ማታ ዕቃውን ስጭን ያ ክዳን አልዘጋ እያለኝ ተንጠልጥዬበት ነው የምዘጋው፤ ወገቤ ተቀነጠሰ። ጠዋት ደግሞ ያን ሁሉ ደረጃ ወርደን እንመለሳለን። ባለፈው እማዬ ደረጃው መሃል ላይ «ተይው ልጄ፣ ይቅርብኝ» ብላ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ለአባባ እንኳ ስታለቅስ አላየሁም።

ቁረጠው ጥር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ አየሩን ቆርጦ ይጥላል። ቀጠሮ አስይዤያለሁ። ብረት ይሁን፤ ቢያንስ ብረት ቀን አይመርጥም።

ሚጡ


ታኅሣሥ 29

ሚጡ፣

ይህን በሚመጣ ሰው እጅ የምልከው ከቅዳሜው እንዲቀድም ነው። እንዳትቆርጪው።

ቁልፍ ስልሽ የክዳኑን መቆለፊያ አልነበረም። እኛ የኤሌክትሪክ ሰዎች ማብሪያ ማጥፊያውንም ቁልፍ እንላለን፤ ሁሉም ሰው እንደኛ የሚያወራ ይመስለናል። ስኮርታውን ያሰረቅሁት እኔ ነኝ። ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ምንጣፍ በለበሰው የግራ ግድግዳ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ አለች። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ አየሩን ለማቆም የተሠራች ናት። እሷ ከጠፋች ኮምፕሬሰሩ አይሠራም። ላስቲኮቹ ስላረጁ ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳሉ፤ አረፋውም እሱ ነው። በሌላ ቀን ሞተር ስታስነሺ ኮምፕሬሰሩ ይሞላቸዋል። እሷ ጠፍታ ካደረች ግን ሌሊቱን ይሟሽሻሉ፣ ጠዋትም የሚነፋቸው የለም።

እንግዲህ ማን እንደሚያጠፋት ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ከቀጠሮ በፊት ባለው ምሽት ዕቃ ትጭኛለሽ። ካልተንጠለጠሉበት ክዳን የማያስዘጋ ትልቅ ነገር ነው። ሦስቱን ሴቶች ስትጭኚ አልነበረም፤ ቁረጠው ዘንድም አይሄድም። ከእማዬ ጋር ይሄዳል፣ ከእማዬ ጋር ይመለሳል። ሲገባ አንድ ብረቱ ማጥፊያዋን ይገፋታል፤ ሲወጣ ያው ብረት መልሶ ይስባታል፤ ረፋድ ላይ የምትነሳልሽ ለዚያ ነው። ታክሲዎቹም ሲያዩዋችሁ የሚሸሹት ከባዶ እጃችሁ አይደለም።

እዚህ አውቶቡሶቹ ላይ ባለ ጎማ ወንበር የሚገባበትን መወጣጫ የምጠግነው እኔ ነኝ። የወንበር እጀታ የማይገባበት ቀዳዳ እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሚጡ፣ እናቴ መራመድ ካቆመች ስንት ጊዜዋ ነው?


ጥር 7

ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። «ደህና ነን» የሚለውን ዛሬ ዘልዬዋለሁ።

ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ። ሮጬ ወርጄ ምንጣፉን በእጄ ዳበስኩት፤ ማጥፊያዋ አለች። ባለ ጎማ ወንበሩን አስገባሁት፣ እጀታው ሄዶ ጠቅ አደረጋት። ሳወጣው መለሳት። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። እዚያው ዕቃ ማስቀመጫው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ንዴት እንጃ። ቁረጠው በእንጨት ሽፋን ሠርቶላታል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሳይቆርጥ ስላስተካከለ እሱም ተገርሟል፤ ለነገሩ እንጨቱን ቆርጦታል።

የወደቀችው ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ጉልበቷ አይደለም። ዳሌዋ ተሰብሮ ብረት ገብቶላታል። ከዚያ ወዲህ በራሷ አልቆመችም። ጠዋት ጠዋት የጎረቤት ልጆች ናቸው ተሸክመው የሚያወርዱልኝ። ገና ሆስፒታል ሳለን እጄን ይዛ «የመኖሪያ ወረቀቱ ሳይወጣ ከሰማ ጥሎት ይመጣል፤ ከመጣ ተመልሶ መግቢያ የለውም፤ ሚስትና ልጆቹ እዚያ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ብትነግሪው ሞቴን!» ብላ አስምላኛለች። እናት «ሞቴን» ስትል ምን ይመለሳል? ስልክ ስትደውልም አልጋዋ ላይ ሆና «አሁን ከገበያ ገባሁ» ትልሃለች፤ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

ታዲያ እኔን ብቻ እንዳትቆጣ። ደብዳቤዎችህ ሁሉ ፊቴ ናቸው። አረፋው ግራ ነው ቀኝ? ድምፁ አለ የለም? ጠዋት ነው ማታ? መኪናዋን እንዲህ አገላብጠህ ጠየቅህ። ስለ እማዬ «ጉልበቷን ሳሚልኝ» ብለህ ታልፋለህ። አንድ ጊዜ እንኳ «ስንት ደረጃ ትወጣለች?» ብትለኝ ኖሮ መዋሸት አልችልም ነበር። እጠብቅህ ነበር። በየደብዳቤው መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ጥያቄ ነበር።

ሚጡ


ጥር 25

ሚጡ፣

አንድ ሳምንት ሙሉ ተቆጣሁ። መጀመሪያ በአንቺ፣ ከዚያ በእማዬ፣ ከዚያ ሌላ የምቆጣው ሰው አልቀረልኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። የፎቁ ሰው፣ የጎረቤት ልጆች፣ የማላውቃቸው ታክሲ ነጂዎች ያወቁትን እኔ ከመኪና ጠይቄ ነው የደረስኩበት።

ቲኬት ልቆርጥ ሄጄ ወረፋ ከያዝኩ በኋላ ወጣሁ። ወረቀቱ ገና ነው፤ አሁን ከወጣሁ በሩ ከኋላዬ ይዘጋል። እማዬ ያለችው ልክ ነበር፤ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ልክ በመሆኗ እንኳ ልጣላት አልችልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ከእንግዲህ የሚሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን፣ እሷ ብታስምልሽም። ቆማለች ወይ? የጀመረችው ነገር አለ? ባለሙያዋ ምን ትላለች? መኪናዋን አትጻፊልኝ፤ እሷን ጠግቤያታለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 19

ውድ ጋሼ፣

የልጆችህ ሳቅ ከቤትህ አይጥፋ። እኔ ደክሞኛል፣ ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

ከጥር ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላለፈንም። መኪናዋ ድናለች፤ አትጻፊልኝ ብለህ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብላ ትጠብቀናለች፣ ዱብ ሳትል ታደርሰናለች። ባለሙያዋም እማዬን በሁለቱ የብረት ዘንጎች መካከል እያስያዘች ብዙ ደከመች። አንድ ቀን እማዬ ሁለቱንም እጆቿን አጥብቃ ይዛ ከወንበሩ ብድግ አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ታማሚ ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ግራ እግሯ አልተከተላትም። በሚቀጥለው ቀጠሮም፣ በቀጣዩም ሳምንት አልተከተላትም።

ትናንት ባለሙያዋ መዝገቡን ዘግታ ወንበር ስባ እማዬ ፊት ተቀመጠች። ያቺ ፊት የማትሰጥ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ፣ መጀመሪያ ላይ ያመለጡን ቀናት ናቸው የጎዱን። እግሩ ሄዷል። ከእንግዲህ ቤቱን ለወንበሩ እናመቻቸው፤ እኔም መጥቼ አሳያችኋለሁ» አለቻት። እማዬ «ተባረኪ ልጄ፣ ደከምሽብኝ» ብላ እጇን ሳመቻት። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ስንመለስ መሃል መንገድ ላይ አንቀላፋች መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ «ይህን ለወንድምሽ እንዳትጽፊለት፤ ወረቀቱ እስኪወጣ ልቡ አይሰበር። ሞቴን!» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ይኸው ጻፍኩልህ።

እህትህ ሚጡ